የናና ዘይት ታሪክ፤ ዘር የማይሰጠውን ተክል ስለ ማሻሻል

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር)

ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ አስቀድሞ ጥርሳችሁን ስትቦርሹ፣ አፋችሁን ቀዝቀዝ አድርጎ የሚቀረው ያ ደስ የሚል መዓዛ ከወዴት እንደ መጣ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ማስቲካ ስታኝኩ፣ ከረሜላ በምላሳችሁ ላይ ስታሟሙ፣ ወይም ጉንፋን ይዟችሁ ደረታችሁን በቅባት ስትታሹ የሚሸታችሁ ሽታ ሁሉ የዚያው ወገን ነው። ይህ መዓዛ በአብዛኛው ፔፐርሚንት ከሚባለው የናና ዐይነት ወይም ከዘመዱ ከጃፓን ናና ቅጠል ተነጥሮ የሚወጣ ዘይት ነው፤ አለዚያም በፋብሪካ የዚያ ዘይት አምሳያ ሆኖ የተሠራ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስንዴና ጤፍ፣ ቡናና ጥጥ እያሉ ስለ ናና መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ቅጠል ምክንያት ብዙ ገበሬዎች ባለጸጎች ሆነዋል፤ በዚህችው ቅጠል ምክንያት ብዙዎች ደግሞ የለመዱትን ማሳ ጥለው የኑሮ መንገዳቸውን ለመለወጥ ተገድደዋል። ሊቃውንትም እርስዋን ከጥፋት ለማዳን ሲሉ የአቶምን ጨረር እስከ መጠቀም ደርሰዋል። ዛሬ ለማቅረብ ያሰብነው ይህን ታሪክ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ዘይቱ ከቅጠሉ ላይ የት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። የናና ቅጠል በአጉሊ መነጽር ቢታይ በገጹ ላይ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ጉብታዎች ተዘርተውበት ይገኛል። በእያንዳንዱ ጉብታ ውስጥ 8 ያህል ዘይት አመንጪ ሕዋሳት በክብ ተሰልፈው ተቀምጠዋል፤ የሚያመነጩትንም ዘይት ከላያቸው ባለው ስስ ሽፋን ሥር እንደ ከረጢት አድርገው ያጠራቅሙታል። ናናን በጣታችን ስናሸው ሽታው ድንገት የሚነሣው ይህ ከረጢት ስለሚቀደድ ነው።

ዘይቱን የማውጣቱ ጥበብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል። የታጨደው ናና በትልቅ ጋን ውስጥ ይታመቅና የፈላ ውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ከረጢቶቹን ከፍቶ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍም ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይሰፍፋል፤ ያም ተቀድቶ ይወሰዳል። ከአንድ ሄክታር ማሳ 100 ኪሎ ግራም ያህል ዘይት ከተገኘ ጥሩ ምርት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠብታ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ይህን ምርት ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሦስት ዐምዶች ያሉት የሒሳብ መዝገብ እንደ ያዘ ሹም ነው። የመጀመሪያው ዐምድ ከማሳው የሚታጨደው ቅጠል ብዛት ነው። ሁለተኛው ዐምድ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የዘይት መጠን ነው። ሦስተኛው ዐምድ ደግሞ የዘይቱ ጠባይ፣ ማለት ጣዕሙና ሽታው ነው። ሦስቱን ዐምዶች ባንድ ጊዜ ማስደሰት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዘይቱ ውስጥ አፍን የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል የሚባለው ነገር ሲሆን ቅጠሉ እየበሰለ በሄደ መጠን ይበረክታል። ነገር ግን ተክሉ አበባውን አስፍቶ ከከፈተ፣ ጣዕሙን የሚያበላሸው ሜንቶፉራን የሚባለው ነገር ይበዛል። ስለዚህ ገበሬው ቸኩሎ ቢያጭድ ሜንቶሉ ያንሰዋል፤ ዘግይቶ ቢያጭድ ጣዕሙ ይበላሽበታል። ብዙ ቅጠል አግኝቶ መጥፎ ዘይት ያወጣ ሰው ገዢ አያገኝም፤ ግሩም ዘይት ያለው ነገር ግን ቅጠሉ የሳሳ ተክል የያዘም ሰው የነዳጁን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። የመዓዛ ተክሎችን ዝርያ ማሻሻል ከስንዴ ዝርያ ማሻሻል የሚለይበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ስንዴ በሚዛን ይዳኛል፤ ናና ግን በሚዛንም በአፍንጫም ይዳኛል።

አሁን ወደ ተክሉ ትውልድ እንለፍ።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሃርትፎርድሺር አውራጃ ከዚያ በፊት ያልታወቀ አንድ የናና ዐይነት ተገኘ። ቅጠሉ ሲቀመስ እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላስ የሚያቃጥል ሆኖ፣ ወዲያው ደግሞ ያቀዘቅዛል። ጆን ሬይ የተባለው ታላቅ የዕፀዋት ሊቅ በ1696 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተክል ገለጸ። በ1721 በለንደን የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1753 ደግሞ ስዊድናዊው ሊኔዎስ ዛሬ ሊቃውንት የሚጠሩበትን ስም አወጣለት።

የተክሉ ወላጆች ማን እንደ ሆኑ ግን ለብዙ ጊዜ በእርግጥ አልታወቀም ነበር። በእኛ አገር «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች» ይባላል። ፔፐርሚንትም እንደዚሁ የሁለት ወገን ልጅ ነው፤ አንደኛው ወላጅ በወንዝ ዳር የሚበቅለው የውሃ ናና ሲሆን፣ ሁለተኛው በጓሮ የሚተከለው የተለመደው ናና ነው። ይህንም የዘር ሐረግ ያስረዳው በሕዋስ ውስጥ ያሉት የክሮሞሶሞች ቍጥር ነው። የውሃ ናና 96 ክሮሞሶሞች አሉት፤ የጓሮው ናና 48 አሉት። እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ካለው ግማሹን ስለ ሆነ፣ ከመጀመሪያው 48 ከሁለተኛው 24 ቢደመር 72 ይሆናል። በፔፐርሚንት ውስጥም የተገኘው ልክ 72 ነው። በኋላ ዘመን ሊቃውንት ሁለቱን ወላጆች እንደገና አዳቅለው ፔፐርሚንት የሚመስሉ ተክሎችን በማግኘታቸው ነገሩ ተረጋግጧል።

ክቡራን አንባብያን፤ ታሪኩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ነጥብ ላይ ስለ ሆነ እባካችሁ ልብ በሉ። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ ተወልዳ መካን እንደምትሆን ሁሉ፣ ፔፐርሚንትም ያብባል እንጂ ፍሬያማ ዘር አይሰጥም። ስለዚህ ገበሬው የሚያራባው ዘር ዘርቶ አይደለም። እኛ ሸንኮራ አገዳን ከግንዱ ቈርጠን እንደምንተክል፣ እርሱም በመሬት ላይ የሚሳበውን የናናውን ግንድ እየቈረጠ ይተክላል። እንዲህ ተቈርጦ የተተከለ ተክል ልጅ አይደለም፤ ያው የመጀመሪያው ተክል አካል ነው። በሺህ ሄክታር ላይ የተዘረጋ የፔፐርሚንት ማሳ ሲታይ ብዙ ይመስላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን አንድ አካል ነው። ይህም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሁሉም አንድ ስለ ሆነ ዘይቱ ከዓመት እስከ ዓመት አይለዋወጥም። ነገር ግን ትልቅ አደጋም አለበት፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ይገድላል።

በ1750 ገደማ ከለንደን በስተደቡብ ባለችው በሚቻም ፔፐርሚንትን በማሳ ማልማት ተጀመረ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያ አካባቢ 200 ሄክታር ያህል መሬት በናና ተሸፍኖ ነበር። የሚቻም ገበሬዎች ሁለት ዐይነት ለይተው ያውቁ ነበር፤ ግንዱ ወደ ሐምራዊነት የሚያደላው ጥቍሩና አረንጓዴው ነጩ። የነጩ ዘይት በጣዕሙ ይመሰገን ነበር፤ ጥቍሩ ግን ጠንካራና ብዙ ዘይት የሚሰጥ ነበር። በመጨረሻም ጥቍሩ አሸነፈ። እንግዲህ ሊቃውንት ከመምጣታቸው በፊት ገበሬዎች ራሳቸው በዐይናቸውና በአፍንጫቸው መርጠው የመጀመሪያውን የዝርያ ማሻሻል ሥራ ሠርተዋል ማለት ነው።

ተክሉ ከሰፋሪዎች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በማሳቹሴትስ፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ግዛት፣ ከ1835 ጀምሮ ደግሞ በሚሺጋን ግዛት በሴንት ጆሴፍ አውራጃ ተተከለ። ከዚያው አውራጃ በ1850 የተወለደ አልበርት ቶድ የተባለ ሰው በ1869 ገና በወጣትነቱ የናና ዘይት ንግድ ጀመረ። በዚያ ዘመን ብዙ ነጋዴዎች ዘይቱን ከርካሽ ዘይቶች ጋር እየቀላቀሉ ይሸጡ ነበር። ቶድ ግን ዘይቱን እየመረመረና እያጠራ በመሸጥ ስም አተረፈ። በካላማዙ ከተማ ኩባንያውን አቋቋመ፤ ረግረጉን መሬት በቦይ አድርቆ ሰፋፊ እርሻዎች ተከለ። ከእርሻዎቹም አንዱ ያለበት መንደር በናና የሳይንስ ስም ሜንታ ተባለ። ከ1897 እስከ 1899 በአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኖ ያገለገለው ይህ ሰው በሕዝብ ዘንድ «የፔፐርሚንት ንጉሥ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የእንግሊዙ ጥቍር ሚቻም ወደ ሚሺጋን ገብቶ፣ ቀድሞ ከነበረው ዐይነት የበለጠ ዘይት በመስጠቱ ማሳውን ሁሉ ያዘ።

ቶድ በ1931 ሲሞት ግን ያ ሁሉ ሀብት የቆመበት መሬት ከሥሩ መናወጥ ጀምሮ ነበር።

በ1924 በሚሺጋን የናና ማሳ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ታየ። በመጀመሪያ የተክሉ ጫፍ ይጣመማል፤ ቅጠሉ አለመጠን ያንሳል፤ ከታች ያሉት ቅጠሎች ይገረጣሉ። ከዚያም ተክሉ ውሃ በእግሩ ሥር እያለ በጥም እንደ ተያዘ ሰው ጠውልጎ ይሞታል። ምክንያቱ ቨርቲሲሊየም የሚባል በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነበር። ይህ ፈንገስ በሥሩ በኩል ይገባና ውሃ የሚያመላልሱትን የተክሉን ቧንቧዎች ይደፍናል። ተክሉ ከሞተ በኋላም እርሱ አይሞትም። ጥቃቅን ጥቋቁር ፍሬዎች ሆኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ገበሬው መሬቱን ለአምስት ዓመት በሌላ ሰብል አሳርፎ ናናውን ቢመልስ፣ ጠላቱም አብሮ ይመለሳል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሽታውን የሚያዛምተው የገበሬው የራሱ እጅ መሆኑ ነው። አዲስ ማሳ ለማቅናት ከአሮጌው ማሳ ተሳቢ ግንድ ይወሰዳል። ከግንዱ ጋር ፈንገሱ ይሄዳል። ወዳጅ ለወዳጁ የሰጠው ተክል የወዳጁን መሬት ይበክላል። በዚህ ሁኔታ የሚሺጋን የናና ማሳዎች እየተፈቱ ሄዱ፤ ልማቱም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሬጎንና ወደ ዋሽንግተን ግዛቶች ተሻገረ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን በሽታው በዚያም ተከትሎ ደረሰ። ከባሕሩ ዳር ወዲያ የሚሸሽበት አዲስ መሬት አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ምን ይደረግ? ሦስት መንገዶች ተሞከሩ።

የመጀመሪያው መንገድ የእርሻ ጥንቃቄ ነበር። ንጹሕ ተክል ከንጹሕ ቦታ ማምጣት፣ መሬቱን እያፈራረቁ ማረስ፣ ከአጨዳ በኋላም የቀረውን ገለባ በጋዝ ነበልባል መለብለብ ተሞከረ። በነበልባሉ በግንዱ ውስጥ ያለው ፈንገስ ወደ አፈር ከመውረዱ በፊት ይቃጠላል። ይህ ዘዴ በሽታውን ያዘገያል፤ አይነቅለውም።

ሁለተኛው መንገድ ማዳቀል ነበር። በሽታውን የሚቋቋሙ የናና ዘመዶች አሉና፣ ከእነርሱ ጋር በማዋለድ ጥንካሬያቸውን ለማውረስ ተሞከረ። ከፔፐርሚንት መካንነት የተነሣ ሥራው እጅግ አስቸጋሪ ቢሆንም ጠንካራ ተክሎች ተገኙ። ነገር ግን ዘይታቸው ሲቀመስ የፔፐርሚንት ዘይት አልነበረም። የማስቲካና የጥርስ ሳሙና ፋብሪካዎች ደንበኞቻቸው የለመዱትን ጣዕም መለወጥ አይፈልጉም። ቀደም ብለን እንዳልነው ናና በአፍንጫ ይዳኛል፤ አፍንጫውም ፈረደባቸው። ገበሬው በሽታን የሚቋቋም፣ ነገር ግን ገዢ የሌለው ተክል ምን ያደርግለታል? ማዳቀል የተክሉን ጠባይ ከሥር እስከ ጫፍ ያናውጣል። የተፈለገው ግን ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ አንዲት ነገር ብቻ እንድትለወጥ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ከዚህ ፍላጎት የመጣ ነው። ኸርማን ሙለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1927 የኤክስሬይ ጨረር በሕያዋን ዘር ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አስረድቶ ነበር፤ ስለዚህም ሥራ በ1946 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሁለት ከተሞችን ያጠፋው የአቶም ኀይል ለሰላም ሥራ እንዲውል ብዙዎች ይመኙ ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በታኅሣሥ 1953 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ስለዚሁ ጉዳይ ንግግር አደረጉ። ከዚህ ንግግር ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ የቶድ ኩባንያ ሊቅ የነበረው ሜሪት መሪ የጥቍር ሚቻምን ተሳቢ ግንዶች በኒውዮርክ ግዛት ባለው በብሩክሄቭን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጨረር እንዲያርፍባቸው አደረገ። አንዳንዶቹ ኤክስሬይ አረፈባቸው፤ ሌሎቹም ከአቶም ማብላያው የሚወጣው ኒውትሮን።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አሳብ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጨረር ጥበበኛ አይደለም። ምን መለወጥ እንደሚገባው አያውቅም። በጨለማ ክፍል ውስጥ ዱላ እንደሚወረውር ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ይሰብራል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የተቈለፈውን መስኮት ይከፍታል። ጨረር ካረፈባቸው ግንዶች ብዙዎቹ ሞቱ፤ ብዙዎቹ ተጣመው ወጡ፤ ብዙዎቹም ከቀድሞው ምንም አልተለዩም። መልካሙን ከመጥፎው መለየት የሰው ሥራ ሆኖ ቀረ።

መለያውም በጣም ቀላል፣ ግን ጨካኝ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ተክሎች በሽታው በሞላበት አፈር ላይ ሆን ተብለው ተተከሉ። በዚህ ፈተና ዳኛው ራሱ ፈንገሱ ነበር። ደካማው ተክል ጠወለገ፤ በሕይወት የቀረው ተነቅሎ እንደገና በዚያው በተበከለ አፈር ተተከለ። ይህም አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ብቻ የተደረገ አይደለም። አንዳንድ ተክል በመጀመሪያው ዓመት በዕድል ይተርፍና በሦስተኛው ይሞታልና፣ የተረፈው ሁሉ በመዝገብ እየተጻፈ ክረምት ከበጋ መታየት ነበረበት። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ብዛት በሽታውን በሚገባ የተቋቋሙት በጣት የሚቈጠሩ ሆኑ።

ቢሆንም ፈተናው ገና ግማሽ ነበር። የተረፉት ተክሎች ቅጠላቸው ስንት ነው? ዘይታቸው ስንት ነው? ከሁሉም በላይ ጣዕሙ ያው ነውን? ዘይቱ እየተነጠረ በኬሚስቶች ተመረመረ፤ ለገዢዎችም እየተላከ ተቀመሰ። በልዩ ልዩ ግዛቶችም ማሳ ላይ ተሞከረ። በ1972 ከእነዚህ ተክሎች አንዱ «የቶድ ሚቻም» በሚል ስም በሰብል ሳይንስ መጽሔት ተመዘገበ። ቀጥሎም በ1977 ወንድሙ «የመሪ ሚቻም» ተመዘገበ። ግንዶቹ ጨረር ካረፈባቸው እስከ መጀመሪያው ምዝገባ 17 ዓመት መሆኑን አስተውሉ። በ1955 በጸሐፊነት የተቀጠረ ሰው በ17 ዓመት ውስጥ ብዙ ደረጃ ሊወጣ ይችላል። ስንት መዝገብ እንደሚከፍት፣ ስንትም እንደሚዘጋ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ የመዝገብ ገጽ ቢጠፋ፣ አንድ የተክል ምልክት ቢቀያየር የብዙ ዓመት ድካም ከንቱ ይሆን ነበር። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚባለው ምሳሌ ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ውጤቱን ከልክ በላይ ማጋነን አይገባም። አዲሶቹ ተክሎች በሽታውን ይቋቋማሉ እንጂ ፈጽሞ አይነካቸውም ማለት አይደለም። እጅግ በተበከለ መሬት እነርሱም ይታመማሉ። ንጹሕ መሬት ያለው ገበሬ ዛሬም ጥቍር ሚቻምን መትከል የሚመርጥበት ጊዜ አለ። የአንድ ጽጌሬዳ ቍጥቋጦ እሾሁ ብዙ ቢሆንም አበባው እንደማይናቅ ሁሉ ግን፣ በበሽታው ምክንያት ናና የማይበቅልበት ሆኖ የነበረ መሬት እንደገና ዘይት እንዲሰጥ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ታሪክ አንድ የሚያስገርም ነገር ይወጣል። ሊቃውንቱ በዚያ 17 ዓመት ውስጥ ዋና ድካማቸው በቅጠሉ ላይ ያለችውን የዘይት ከረጢት ለማስፋት አልነበረም። የጣሩት ተክሉ ቆሞ እንዲቈይ ነው። ቢሆንም ከማሳው የሚገኘው ዘይት በዛ። ምርት ማለት በአንዲት ቅጠል ላይ ያለው መጠን ብቻ አይደለምና፤ እስከ አጨዳ ቀን በሕይወት የሚደርሰው ቅጠል ብዛትም ምርት ነው።

የዘይቱን መጠን በቀጥታ ለማሳደግ የተደረገው ጥረት ግን በሌላ በኩል ተሳክቷል። የጃፓን ናና የሚባለው ዘመዱ ዘይቱ በሜንቶል እጅግ የበለጸገ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሆካይዶ ደሴት የምትገኘው የኪታሚ ከተማ በዚህ ዘይት በዓለም ሁሉ የታወቀች ነበረች። በኋላ ልማቱ የጃፓን ስደተኞች ተክሉን ወስደው ወደ ተከሉባት ወደ ብራዚል፣ ከዚያም ወደ ሕንድ ተዛወረ። በሕንድ አገር በሎክናው ከተማ በ1959 የተቋቋመው የመድኃኒትና የመዓዛ ተክሎች ማዕከላዊ የምርምር ተቋም ዘይታቸው የበዛና ሜንቶላቸው የበረከተ ዝርያዎችን አከታትሎ አወጣ። ከእነርሱም መካከል ኮሲ የተባለው ዝርያ ቶሎ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ ገበሬው ስንዴውን ወይም ድንቹን ካነሣ በኋላና ሩዙን ከመትከሉ በፊት ባለው አጭር ጊዜ ናናውን አምርቶ ያጭዳል። የምግብ እህሉን ሳይነካ ባዶ ይቀመጥ የነበረውን መሬት ገንዘብ እንዲያመጣ አደረገው። ዛሬ ከተክል ለሚገኘው ሜንቶል በዓለም ቀዳሚዋ አገር ሕንድ ናት። እንግዲህ ጥሩ ዝርያ ማለት ብዙ ዘይት የሚሰጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከገበሬው የዓመት ቀን አቈጣጠር ጋር የሚስማማም ነው።

ኬሚስቶችም ዝም አላሉም። በ1980ዎቹ ዓመታት በጃፓን የፕሮፌሰር ርዮጂ ኖዮሪን ጥበብ በመከተል ሜንቶልን ያለ ቅጠል በፋብሪካ በብዛት ማውጣት ተጀመረ፤ ኖዮሪም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። በዚያው በ2001 በዋሽንግተን ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሮድኒ ክሮቶና ባልደረባው በፔፐርሚንት ሕዋስ ውስጥ ዘይት የሚሠራበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ካወቁ በኋላ፣ አንዲትን ጂን በማበርታት የዘይቱን መጠን እስከ 50 በመቶ ያህል ከፍ ሊያደርጉ እንደ ቻሉ አሳተሙ። ጣዕም የሚያበላሸውን ሜንቶፉራንንም በሌላ ጂን በኩል ቀነሱት። በጨለማ ዱላ ከመወርወር መብራት አብርቶ ቍልፉን ወደ መፈለግ ተሸጋግረዋል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ፋብሪካ የሚሠራው ሜንቶል ብቻውን የፔፐርሚንትን ዘይት አይተካም። በዘይቱ ውስጥ ብዙ ልዩ ልዩ ነገሮች ተባብረው ጣዕሙን ስለሚሰጡት፣ ገበሬው እስከ ዛሬ ድረስ ከገበያ አልወጣም።

ይህ ታሪክ የሌላ አገር ታሪክ ነው። ነገር ግን ለእኛም የሚነግረን ነገር አለው። አገራችን የመዓዛ ዕፀዋት አገር ናት። ጦስኙ በደጋው፣ ኮሰረቱና በሶብላው በጓሮው፣ ጤና አዳሙ በቡናው ስኒ ላይ አለ። እናቶቻችን የትኛው ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያ እንደሚሻል፣ የትኛው በሶብላ ሽታው እንደሚበረታ በአፍንጫቸው ለይተው ያውቃሉ፤ የሚሻለውን እየመረጡ ይተክላሉ። የሚቻም ገበሬዎች ጥቍሩን ከነጩ የለዩት በዚሁ ዐይነት ጥበብ ነበር። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም የመዓዛና የመድኃኒት ተክሎችን ዝርያ የመለየትና የማላመድ ሥራ ሲሠራ ቈይቷል፤ ናናም ከእነዚህ ተክሎች አንዱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ በጀት ሲጠየቅና ውጤቱ በዓመት ሳይታይ ሲቀር፣ የጥቍር ሚቻምን 17 ዓመት ማስታወስ ይጠቅማል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛውም ትምህርት ከመጀመሪያው አያንስም። ከሁሉ የሚበልጠውን አንድ ተክል አግኝቶ እርሱን ብቻ በአገሩ ሁሉ መትከል ብልኅነት ይመስላል። የሚሺጋን ገበሬዎች ያደረጉት ይህን ነበር፤ አንዲት ፈንገስም በቂ ሆነቻቸው። ስለዚህ መልካሙን እያበዛን ሳለ፣ ዛሬ የማንፈልገውን የዱሩንና የጓሮውን ዘመድ እንዳናጠፋው መጠንቀቅ ይገባል። ነገ በሽታ ሲመጣ መድኃኒቱ የሚገኘው ምናልባት ዛሬ እንደ አረም ከምንነቅለው ተክል ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ነገ ጧት ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ያ ቀዝቃዛ መዓዛ አፋችሁን ሲሞላው፣ ዘር አጥቶ በሰው እጅ ብቻ ሦስት መቶ ዓመት የኖረውን ያን ተክል፣ በታመመ አፈርም ላይ ዓመት ከዓመት እያጎነበሱ የተረፈውን የቈጠሩትን ሰዎች አስታውሱ።